ሽሮ የነካው ቁልፍ

ባለፈው ሳምንት ከአስኮ ስመለስ ታክሲው ከመብራት ኃይሉ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ከሰብስቴሽኑ፣ አጥር አጠገብ ካለው ፌርማታ ቆመ። ያ እምምም የሚለው ድምፅ በመስኮት ገባ፣ እጄም ሳላዘው ወደ አንገቴ ሄደ። ሁሌ የማስረው የቆዳ ጠፍር እዚያው አለ።

"አባባ፣ አመመዎት?" አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት።

"የለም ልጄ፣ ትዳሬን እየነካሁ ነው።"

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አልፈርድባትም።

በደርግ ጊዜ፣ በጉርምስናዬ፣ እዚያ ግቢ እሠራ ነበር። ከግድቦቹ የመጣው ኃይል ወደ ምዕራብ ከተሞች የሚሻገረው በዚያ ስለነበር፣ እኔን ብትጠይቁኝ አገሪቱ ትከሻዬ ላይ ነበረች። አስካለን ለማግባት ሽማግሌ ስልክ ግን አባቷ፣ የኮልፌው ጫማ ሰፊ አቶ ወልዴ፣ "ልጄን ለመበለትነት አላሳደግኋትም። ያ የሚያጉረመርም ነገር አንድ ቀን ይበላዋል" ብለው መለሷቸው።

አለቃችን ጋሽ ተክሌ ይህን ሲሰሙ "መጥተው ይዩና ይፍረዱ" ብለው ላኩባቸው። ጊዜው ግንቦት ነበር፤ በጋውን ሙሉ አቧራ የጠጡትን፣ ሽቦ የሚሸከሙትን ነጫጭ ሸክላዎች ክረምት ሳይገባ የምንወለውልበት ወቅት። ከምሳ በኋላ አቶ ወልዴ ከአጥሩ ውጭ ባርኔጣቸውን ደፍተው ቆሙ። የመስመሩ ኃይል ተቋረጠ። እኔም ማብሪያው እጀታ ላይ የራሴን ጓጉንቸር ቆልፌ ምሰሶው ላይ ወጣሁ። ሕጋችን ይኼው ነበር፤ የሚወጣው ሰው ራሱ ይቆልፋል፣ ወርዶ እስኪከፍት ኃይል አይለቀቅም። ያን ቀን ሸክላውን የወለወልኩት የሙሽራ ፊት እንደማብስ ነው።

ወርጄ ኪሴን ስዳብስ ቁልፉ የለም። ሌላውንም ኪስ ገለበጥኩ። ጫማዬን አወለቅሁ። ካልሲዬን ሳይቀር አራገፍኩ፤ ባይሸት እንኳ ጥሩ ነበር።

"ምን ሆነ?" አሉ አቶ ወልዴ በአጥሩ ሽቦ ቀዳዳ።

"ቁልፍ ጠፋበት" አሉ ጋሽ ተክሌ።

"ታዲያ ስበሩታ!"

"አይሰበርም። የሱ ነው፣ እሱ ይከፍተዋል።"

"የቀበሌው ሊቀመንበር ቢመጣስ?"

ጋሽ ተክሌ ግራ ቀኝ አዩ። "እሳቸውም ቆመው ይጠብቃሉ።"

ያኔ ትዝ አለኝ። ኪሴ ቀዳዳ ስለነበር ቁልፉን ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ነበር የከተትኩት። ስከፍተው ከተረፈው ሽሮ ውስጥ ተኝቷል። ልሼ ከፈትኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ?

አቶ ወልዴ አጥሩን ይዘው ሳቁ። "እኔ ኤሌክትሪኩን ነበር የፈራሁት፤ ለካ የሚያስፈራው ልጁ ኖሯል!" እንባቸውን ጠረጉና፣ "ግን እንዲህ ያለ ዝንጉ እስካሁን ካልሞተ አሠራራችሁ ደህና ነው። ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላክ" አሉኝ። በሠርጋችን ማግስት ደግሞ ከጫማ ቆዳ የቆረጡትን ጠፍር ሰጡኝ፦ "ቁልፍህን በዚህ አንገትህ ላይ እሰረው። አንገትህን እንኳ መቼም አትረሳም።"

ጓጉንቸሩን ጡረታ ስወጣ አስረከብኩ፤ ዛሬ በጠፍሩ የማንጠለጥለው የቤቴን ቁልፍ ነው። ባለፈው ሳምንት ከታክሲው ወርጄ በሬ ላይ ደረስኩና ጠፍሩን ስስብ ባዶውን መጣ። ላንኳኳ ስል በሩ ገርበብ ብሏል።

"ግባ አንተ ሰውዬ፣ ቁልፍህ እዚህ ነው" አለች አስካለ ከውስጥ።

ገባሁ። ምሳው ቀርቧል፣ ሽሮው ቀዝቅዟል፣ ከትሪው ጫፍ አልተቆረሰም። እኔ ሳልመጣ በዚህ ቤት ምንም አይጀመርም።