ከነላስቲኩ

እኔ የማርና የኮረሪማ ነጋዴ ነኝ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን የቦንጋ ገበያ አስተምሮኛል። ከገበሬው ጋር በካፊኖኖ፣ ከቢሮ ሰው ጋር በአማርኛ እግባባለሁ። መሀል ላይ የቆመ ሰው ከሁለቱም ወገን ይከበራል፤ ይህንንም ያስተማረኝ ገበያው ነው። የማንኪራ ሴቶች ማኅበር የምንጫቸውን ዳር በዛፍ ለመሸፈን ሲነሳ፣ ከወረዳ የተመደበው ወጣት ባለሙያ «ጋሼ፣ እርስዎ ቢያስተረጉሙልን» ብሎ ሱቄ ድረስ መጣ። ክፍያ የለውም። ክፍያ የሌለው ሥራ ስቀበል የመጀመሪያዬ ስለነበር፣ ሳምንት ሙሉ ሱቄ ለገባ ሁሉ አወራሁት።

ምንጩ ድሮ በጋ ከክረምት ሳይል ይወርድ ነበር። አሁን ጥር ሲገባ ይቀጥንና ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው ሸለቆ ለሸለቆ ይሄዳሉ። ከምንጩ በላይ ያለው ዳገት ተመንጥሮ ራቁቱን ቀርቷል። ቀበሌው ዳገቱን ለማኅበሩ ሰጠ፤ ግን ችግኙ በጋውን ካላለፈ፣ ባሕር ዛፍ ልትከልበት ብሎ ለጠየቀ ሰው ሊሰጠው ነው። ባሕር ዛፍ ምንጭ ራስ ላይ ቢተከል ምን እንደሚያደርግ ለሴቶቹ ማስረዳት አላስፈለገም።

የተከላው ቀን ሐምሌ ውስጥ ነበር። ባለሙያው ዳገቱ ላይ ቆሞ ስለ ክላይሜት ቼንጅ ጀመረ። ጥሩ ተናጋሪ ነው፤ መጨረስ ብቻ አያውቅም። እሱ ስለ በረዶ ግግር መቅለጥ ሲናገር እኔ ደመናውን አያለሁ። ቦንጋ ላይ ደግሞ ወደ ጅማ የሚሄድ መኪና ማሬን ሊጭን ይጠብቀኛል። ስለዚህ እሱ ሩብ ሰዓት ያወራውን እኔ በሦስት ዓረፍተ ነገር እጨርሰው ጀመር። ሴቶቹ ሳቁ። «የእሱ ወሬ እንደ ገመድ ረዘመ፤ አንተ ቆራጭ ነህ» አለች አንዷ። ኮራሁ።

ከቆረጥኩት ውስጥ አንዱ «ስትተክሉ የችግኙን ላስቲክ ቅደዱና አውጡ፤ አለዚያ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል» የሚለው ነበር።

ባለሙያው ፎቶ አንስቶ በሞተር ብስክሌቱ ወደ ሌላ ቀበሌ ሄደ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ንግግሩን አልሰሙም፤ ታች ሆነው ችግኝ ያሸክሙ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የቤቱን ንቦች የሚጠብቁ፣ ማራቸውን ለእኔ የሚሸጡ ትልቅ ሴት ናቸው። አንድ የብሳና ችግኝ ይዘው መጡና «ይሄን ላስቲክ ምን እናድርገው?» አሉኝ።

ያን ሁሉ ላስቲክ አንድ በአንድ መቅደድ እስከ ማታ ያቆያል። «ከነላስቲኩ ይግባ። አፈሩን ይይዝለታል፤ ኋላ ራሱ ይበሰብሳል» አልኳቸው።

ላስቲኩን በጣታቸው አሹት። ከእኔ ሱቅ ስኳር በላስቲክ የሚገዙ ሴት ናቸው፤ ይበስብስ አይበስብስ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ግን አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ባለሙያው ያለው መስሏቸው ጎንበስ ብለው ተከሉ። ሌሎቹም እሳቸውን አይተው ተከሉ።

የካቲት ላይ ለግምገማ ወጣን። ዳገቱ ሙሉ የደረቀ እንጨት ነው። ባለሙያው አንዱን ነቀለው፤ ላስቲኩ እንዳለ አብሮ ወጣ፣ ሥሩም ውስጡ እንደ ክር ተጠምጥሞ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ላስቲኩን አውጡ ብለን ነበር እኮ! ጋሼ፣ ነግረናቸዋል አይደል?»

የቀበሌው ሊቀመንበር አየኝ፤ ሴቶቹም አዩኝ።

«ነግረናቸዋል» አልኩ። ይሄ አንሶኝ «ምን ይደረግ፣ ሰው አይሰማም» ብዬ ጨመርኩበት። ማንም ጨምር አላለኝም። ነጋዴ መቼም ምራቂ መጨመር ይወዳል።

ሰብሳቢዋ በካፊኖኖ «ምን ይላል?» አሉኝ።

«ውሃ አንሶት ነው ይላል።»

ሊቀመንበሩ ዳገቱ የፊታችን ሰኞ ለባሕር ዛፉ ሰውዬ እንደሚጻፍ ተናገረ። ይህቺን እንኳ በትክክል ተረጎምኳት።

ስንመለስ ሰብሳቢዋ በጠባቧ መንገድ አጠገቤ መጡና በአማርኛ ጀመሩ። በአማርኛ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

«እኔ አማርኛ እሰማለሁ። መናገር ነው የሚያስቸግር።»

«እትዬ፣ ታዲያ ለምን እዚያው አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«ሰው ፊት? አንተ ሱቅ አለህ። ሰው አንተን ያምናል።» ትንሽ ሄዱ። «ሰኞ ገና ነው።»

«ሌላ ችግኝ አመጣላችኋለሁ። በራሴ ወጪ፣ ደጃችሁ ድረስ…»

«ችግኝ ጠየቅሁህ?»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አልናገርም። ማር ስመዝን ሚዛኑን የማየው ደንበኛው እያየኝ እንደሆነ እያሰብኩ ነበር። መንገድ ፈለግሁ፦ ባለሙያውን ለብቻው ባገኘው፣ ሊቀመንበሩን ምሳ ብጋብዘው። ሁሉም መንገድ እኔን የሚሸሽግ፣ ሰብሳቢዋን ጥፋተኛ አድርጎ የሚተው ነበር።

ሰኞ ቀበሌ ገባሁ። ሴቶቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው፣ ሊቀመንበሩና ባለሙያው ፊት ለፊታቸው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በካፊኖኖ ተናገርኩ፦ ላስቲኩን አውጡ ሲባል አልነገርኳቸውም፤ ሲጠይቁኝም ተዉት አልኩ፤ ኋላም ዋሸሁ። በሁለቱም ቋንቋ ያው ነው፤ በካፊኖኖው ግን ላብ አጠመቀኝ።

«ሪፖርቱ እኮ ሄዷል፣ ጋሼ» አለ ባለሙያው ቀስ ብሎ። ሰዎቹ አልሰሙም ብሎ ጽፎ ነበር።

ሊቀመንበሩ «ያን ለት ምላስህን ማን ያዘው?» አለኝ። አንዷ ሴት «የጅማ መኪና» አለች። ተሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

አንድ ክረምት ተጨመረላቸው። አንድ ብቻ።

ዘንድሮ ሐምሌ ሳልጠራ ሄድኩ። ባለሙያው ዳገቱ ላይ ቆሞ ጀመረ፤ እኔም ልማድ ሆኖብኝ ብድግ አልኩ።

«አንተ ተቀመጥ፤ ላስቲክ ቅደድ» አሉኝ ሰብሳቢዋ።

ተቀመጥኩና መቅደድ ጀመርኩ። እሳቸው እየተረጎሙ፣ ያልገባቸውን ባለሙያውን እያስደገሙ ቀጠሉ። የበረዶው ግግር ሳይቀር ተነገረ። ዝናቡ መጥቶ ሁላችንንም አበሰበሰን። አንድም ነገር አልዘለሉም።