ጥሬው ቀለም

የጎን ዓይናቸው ቀዩን አይቶት ነበር?

ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ መልሱን ዛሬም አላውቀውም። ባለፈው ሳምንት የምኖርበት ሕንፃ ደረጃ ቀለም ሲቀባ የማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ በበሩ ሥር ገብቶ ቁርሴን አስተወኝ። አኳራጅ እኔ ዘንድ ብቻውን መጥቶ አያውቅም። የተልባ ዘይት ሽታ ይከተለዋል፣ ቀጥሎ የጋራዥ ብርድ፣ ቀጥሎ ሠዓሊው።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሠዓሊው ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ፣ ጣሪያው ዝቅ ባለ የጡብ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እኔ ምግባቸውን የማበስል፣ መድኃኒታቸውን የማቀብል፣ ክንዳቸውን ይዤ የማንሸራሽር ሠራተኛ ነበርኩ። አማርኛ ማንበብ የተማርኩት አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። እንግሊዝኛውን ካርቱም ላይ በአንድ መዝገበ ቃላት ጀመርኩት፤ ከፊደሉ ብዙም አልራቅሁም ነበር። ሥራውን ያገኘችልኝ አብራኝ የምትኖረው፣ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ካርቶን የምታሽገው ጓደኛዬ ናት።

«አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ ብለሽ ፎርሙን ሙዪ» አለችኝ።

«ውሸት ነው እኮ።»

«ታዲያስ? ሰርተፍኬትሽን ፍለጋ ሱዳን በረሃ ሊወርዱ ነው? አንቺ ደግሞ!»

ሞላሁት። ያ ወረቀት የቀጣሪዎቼ ቢሮ ውስጥ እስካለ ድረስ ምንም ነገር «አላውቅም» ማለት የማልችል ሰው ሆንኩ።

የሠዓሊው ዓይን መሐሉ ሞቶ ነበር። ፊት ለፊት ሲያዩኝ ፊቴ ባለበት ቦታ ጭስ ነው የሚታያቸው። ሊያዩኝ ሲፈልጉ ጭንቅላታቸውን ዘንበል ያደርጉና በጎን ይመለከቱኛል። «ዶሮ ሆኜልሻለሁ» ይሉኝ ነበር። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በሆዴ አንድም ቀን አንተ ብያቸው አላውቅም።

ሕይወታቸውን በቅደም ተከተል የነገሩኝ አይደሉም። አቧራ ስጠርግ ነው ያነበብኩት። ሸራዎቹ ጋራዡ ውስጥ በዕድሜያቸው ተደርድረው ግድግዳ ተደግፈዋል። በስተግራ ያሉት የወጣትነታቸው ናቸው፤ የምዕራቡ ተራራ፣ በረዶው፣ ጥዱ ቅጠል በቅጠል፣ ጅረቱ ጠጠር በጠጠር። «እግዜር የሠራውን አንዲት ነገር ብዘል የሚቆጣኝ ይመስለኝ ነበር» አሉኝ ስለ እነዚያ። መሐል ላይ ስደርስ ተራራው ድንገት ይጠፋል። ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሜዳው አዙረዋል። ሰማዩ ሸራውን ይውጠዋል፤ ቤት የለም፣ ከብት የለም፣ አጥር እንኳ የለም። በስተቀኝ ያሉት ሁለት የቀለም መደብ ብቻ ናቸው፤ መሬትና ሰማይ። «ሌላው ሠዓሊ መጨመር ይማራል፤ እኔ መቀነስ ነው የተማርኩት» አሉ።

ተራራው ለምን መሐል ላይ እንደጠፋ ያወቅሁት አንድ ከሰዓት በኋላ ጥፍራቸውን ስቆርጥላቸው ነው። ከኦሮራ ወደ ምሥራቅ በሚወስደው የገጠር መንገድ መኪና ተገልብጦ ሚስታቸው ሞተዋል። መሪውን የያዘችው ልጃቸው ነበረች፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። አባትና ልጅ ከዚያ ወዲህ ስለ አየር ጠባይ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ቤት ግብር አውርተዋል፤ ስለዚያች ጠዋት ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

«ዓይኔ ጨርሶ ሳይዘጋ ያን መንገድ ልሥልላት ነው» አሉኝ፣ ጣታቸውን እጄ ላይ እንደተዉ። «በሁለቱም ዳር የደረቀ ሣር፣ የጠዋት ፀሐይ ያረፈበት። ሌላ ምንም። ያኔ ይገባታል።»

ምን እንደሚገባት አልጠየቅኋቸውም። ይቅርታቸው መሆኑን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም።

ዝርክርክ ነገር አልወድም። የቀለም ቱቦዎቻቸው እርስ በርሳቸው ተለጣጥፈው፣ ተጨማልቀው፣ በሦስት ጣሳ ተከምረው ነበር። አንድ ቀን ተኝተው ሳለ ሁሉንም ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ፈተግኳቸው። አብረቀረቁ። የስማቸው ወረቀትም አብሮ ተላቀቀ፤ ማጠቢያው ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተንሳፎ አየሁት። ክዳናቸውን እየከፈትኩ በመልካቸው ደረደርኳቸውና ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በማግሥቱ የመንገዱን ሥዕል ጀመሩ። እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው «ሮውን ስጪኝ» አሉኝ። የቀለሙ ሙሉ ስም ረጅም ነው፤ እሳቸው ያሳጥሩታል። «አንድ ጊዜ» ብዬ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩና መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩ። ሮው፤ ጥሬ፣ ያልበሰለ ይላል። ጥሬ ሲባል ዓይኔ ላይ የመጣው ልኳንዳ ቤት የተሰቀለ ሥጋ ነው። ቀዩን ሰጠኋቸው። ቀጥለው «በርንት» አሉ። የተቃጠለ። ጥቁሩን ሰጠኋቸው። ሁለቱንም ጊዜ አመሰገኑኝ። አልተጠራጠርኩም፤ እንዲያውም በራሴ ኮራሁ።

ሦስት ሳምንት ሠሩት። ሣሩ ሲቀላ አየሁ። የመንገዱ ዳርና ዳር ሲጠቁር አየሁ። ሠዓሊ ናቸው፣ ያውቃሉ አልኩ።

ሥዕላቸውን የሚሸጥላቸው ሰውዬ ከዴንቨር መጥቶ ሸራው ፊት ቆመና አፉን በእጁ ያዘ። «ሌላ ሰው ሆነሃል!» አላቸው። «በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ድፍረት!» ሠዓሊው ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን ዓይነት ድፍረት ብለው አልጠየቁም። ሰውየው ሥዕሉን በመጥሪያ ካርድ ላይ አሳተመው፤ አንዱን ይዤ ቤት ገባሁ።

ጓደኛዬ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች አየችው። «ይሄ ሰውዬሽ ሜዳ ነው የሣለው ቁርጥ ቤት?» ብላ ሳቀች። «ሚጥሚጣው የታለ?»

አልሳቅሁም። ካርዱን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ዝግጅቱ ዴንቨር፣ በመከር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው። አዳራሹ በወይን ሽታና በወሬ ሞልቷል፤ ሰው ሁሉ «ቀዩ፣ ቀዩ» ይላል። ጆሯቸው ደህና ነበር። ሰምተውት ይሆን? ልጃቸው ከእንግልውድ፣ ከምትሠራበት ክሊኒክ፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ሃምሳ የተጠጋች ሴት ናት። አባቷን ጉንጫቸው ላይ ሳመችና ዞር ስትል ከሥዕሉ ጋር ተፋጠጠች።

መንገዱን አወቀችው። ኩርባውን፣ ተዳፋቱን፣ ሁሉንም። ከዳር እስከ ዳር ደም ለብሶ፣ መሐሉ ላይ ጥቁር።

«በመጨረሻ ተናገርከው» አለች፣ ቀስ ብላ።

ሠዓሊው ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው በጎን ተመለከቷት። ፈገግ ብለው ነበር። «ወደድሽው?» አሏት።

ቦርሳዋን ከፍ አድርጋ ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና ወጣች። «የት ሄደች?» አሉኝ። «መኪና ፓርክ ልታደርግ» አልኳቸው። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ሮው አልቋል ብለው ሱቅ ላኩኝ። ስሙን ለባለሱቁ እንደ ሕፃን ደገምኩለት፤ ወረቀቱ ያልተላቀቀ አዲስ ቱቦ ሰጠኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ክዳኑን ከፈትኩ። የጤፍ ጭድ ነው የሚመስለው። የደረቀ ሣር፣ የጠዋት ፀሐይ ያረፈበት።

ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ አልፌ ወረድኩ።

ቱቦውን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ጥቂት ጣታቸው ላይ ጨምቀው ወደ ዓይናቸው ጎን አስጠጉት። ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ክዳኑን መልሰው ጠመዘዙና «ዛሬ አልሠራም» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ብሩሽ አልነኩም። ለምን እንደሆነም አልነገሩኝም።

የበረዶውን ክረምት በሙሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር። «ልጄ ደወለች?» «አልደወለችም።» «እንግዲያው ደውዪላት።» እደውላለሁ፤ የሚያነሳው መልእክት የሚቀዳው ማሽን ነው። ስለ ቀለሙ የምናገረውን ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰዋስዉን አስተካክዬ ጽፌ ነበር፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። ማሽኑ ጢጥ ይላል። አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ ያልኩበት ወረቀት ይታየኛል፤ ሥራዬ፣ የቤት ኪራዬ፣ ከሁሉም በላይ ማንበብ የማትችል መባል። እዘጋለሁ። «አልተነሳም» እላቸዋለሁ። «ሥራ በዝቶባት ነው» ይሉኛል፣ እኔን ለማጽናናት።

የካቲት ላይ ሳንባቸው ታመመና በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሥዕል ሻጩ ስለ «ቀዩ ዘመናቸው» ንግግር አደረገ፤ የሥራቸው ሁሉ ማጠቃለያ ነው አለ። ጥቂት ሰው ነበር። ልጃቸው አልመጣችም።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ትምህርት ቤት ገባሁ። በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ በሐቅ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። ወረቀቱ በፖስታ በደረሰኝ ሳምንት አውቶቡስ ተሳፍሬ እንግልውድ ሄድኩ።

ከክሊኒኩ በስተኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ምሳዋን ስትበላ አገኘኋት። አላወቀችኝም። ሳልቀመጥ፣ ሳላሳጥር፣ ከቱቦዎቹ እጥበት ጀምሬ ነገርኳት። ጥሬ ማለት እኛ ዘንድ ምን እንደሚመስል ስነግራት ማኘኳን አቆመች።

«አባቴ አልተቆጣኝም ነበር ማለት ነው?»

«ያን አላውቅም። ለልጄ ልሥልላት የምፈልገው የደረቀ ሣር ነው ብለውኛል። ቀዩን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። የማውቀው ይሄን ነው።»

«በዚያ ክረምት ስለ እኔ ጠይቆ ነበር?»

«በየቀኑ።»

ሳንድዊቿን ወረቀቱ ውስጥ መልሳ ጠቀለለችው፤ ጠርዙን እያጠፈች፣ እያጠፈች፣ ጭብጥ እስኪያክል። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ስምሽ ማነው?» አለችኝ። ሁለት ዓመት አባቷ ቤት ሠርቻለሁ፤ ስሜን አታውቀውም ነበር።

ነገርኳት። ደገመችው፤ አበላሸችው። እንደገና ሞከረች፤ ባሰ። እኔ የስሜን ስህተት ሰምቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን አላረምኳትም።

«አዎ» አልኳት፣ «ልክ ነው።»