የነጭ ሽንኩርት አገዳ እና የአዴ ሎሚ መሬት

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ነጭ ሽንኩርት መፈልቀቅ ነበር። ከሠራዊቱ ተበትኜ፣ ሁለት ዓመት አቃቂ ውስጥ ሥራ ፈትቼ ከተንከራተትኩ በኋላ፣ ወንዝ ዳር ያለ አንድ የአትክልት እርሻ በቀን ሠራተኝነት ተቀበለኝ። ካቦው ጋሽ በየነ ጆንያ ላይ አስቀመጡኝና አሠራሩን አሳዩኝ። ትልልቁ ፍሬ ለዘር፣ ትንንሹ ለወጥ፣ የለሰለሰውና የሻገተው ወደ ጉድጓድ።

ሥራ ሲያልቅ ጋሽ በየነ ጉድጓዱ ላይ ላምባ አርከፍክፈው ክብሪት ጫሩ። ለአንድ እፍኝ ብስባሽ ይህን ያህል ላምባ ማባከን አሳቀኝ። እሳቸው አልሳቁም።

"ይሄ በሽታ አንዴ መሬት ከገባ አንተም ልጅህም አታስወጡትም" አሉኝ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ወገባቸው አልታዘዝ ሲላቸው ሥራውን ተዉ፤ ካቦነቱም ለእኔ ደረሰ። ከሥሬ አሥራ አንድ ሠራተኛ ነበር። ከላዬ ያሉት ባለቤቱ አቶ ግዛው ብቻ ናቸው። ሰኞ ሰኞ በፒካፕ ይመጣሉ፤ ጫማቸው ጭቃ እንዳይነካው በር ላይ ቆመው ያዙናል።

ያን ጊዜ ቃሊቲ ላይ የቻይና መንገድ ሠራተኞች ካምፕ ነበር። ወጥ ቤታቸው ሚስተር ዋንግ አንድ ቀን ከአስተርጓሚ ጋር መጣና የነጭ ሽንኩርት አገዳ እንድናመርትለት ጠየቀ። ሽንኩርቱን ሳይሆን፣ ከመሐሉ የሚወጣውን የአበባ አገዳ። ግራ ገባኝ። እኛ አካባቢ የሚተከለው ነጭ ሽንኩርት እንዲህ ዓይነት አገዳ ሲያወጣ አይቼ አላውቅም። ሰውየው ግን ዘሩን ከአገሩ አስመጥቶ፣ ሁለት ወር ካምፑ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆይቶ በጆንያ ላከልን። ብርድ ካልመታው አገዳ አያወጣም አለ አስተርጓሚው።

እውነቱን ነበር። በሦስተኛው ወር ከቅጠሎቹ መሐል እርሳስ የሚያህል አረንጓዴ አገዳ ወጣ፤ አድጎ እንደ በግ ቀንድ ተጠማዘዘ። የሚለቀመው አንድ ዙር ከተጠማዘዘ በኋላ፣ አበባው ሳይፈነዳ ነው። ጠዋት ከነጤዛው ከሳቡት ይሰበራል። ስለዚህ ቀትር አልፎ ትንሽ እስኪጠወልግ እንጠብቃለን። እንጨት እጀታ ባለው ሚስማር ሥሩ ላይ ወጋ ማድረግ፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ። በትክክል የተሳበ አገዳ ቿ ብሎ ይወጣል። ሃምሳ ሃምሳውን አስረን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን እንልካለን።

የተሰበረውን ለቤታችን እንወስድ ነበር። ባለቤቴ በለጡ ከትፋ በጾም ድንች ወጥ ላይ ትጨምረዋለች። እንደ ነጭ ሽንኩርት አያቃጥልም፤ ለስለስ ይላል። ልጆቼ ወደዱት። ጎረቤት ሁሉ ምንድነው እያለ ይጠይቅ ነበር፤ እኔም በሥራዬ እኮራ ነበር። ያ ኩራት ነው ጉድ ያደረገኝ።

በሦስተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ በአንድ ጥግ ያለው ተክል ከጫፉ ቢጫ ሆነ። አንዱን ነቀልኩት። ሥሩ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ፣ ሻጋታው ላይ ደግሞ ጥቁር ጤፍ የመሰለ ነገር ተበትኗል። ጋሽ በየነ ያስጠነቀቁኝ በሽታ እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ። በዚያው ሳምንት አቶ ግዛው አገዳው ከጎደለ ካቦነቱን ለሌላ እንደሚሰጡ ነግረውኝ ነበር። እርጥብ ነገር በላምባ ሲቃጠል ጭሱ ከበር ይታያል። ያየ ሰው ይነግራቸዋል፤ ምን አቃጠልክ ይሉኛል። የታመመውን ሁሉ በዘንቢል ሰብስቤ ማፋሰሻው ቦይ ውስጥ ደፋሁት። ዝናቡ ወሰደው።

ቦዩ የሚወርደው ወደ አዴ ሎሚ መሬት ነው። አዴ ሎሚ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከእኛ በታች ሁለት ቁራጭ መሬት ያላቸው አሮጊት ነበሩ። አንዱ ቁራጭ ከወንዙ ተጠልፎ በእርሻችን አልፎ የሚወርደውን የቦዩን ውሃ ይጠጣል። ሌላው ከፍ ብሎ ጓሯቸው ነው፤ እሱን በጉድጓድ ውሃ ያጠጡታል። የሚተክሉት ከእናታቸው የወረሱትን፣ ልጡ ወይን ጠጅ የሆነ ትንሽ ነጭ ሽንኩርት ነው። ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። አቃቂ ገበያ የእሳቸውን ስም ጠርተው የሚጠይቁ ደንበኞች ነበሯቸው።

በዓመቱ አንድ ቢጫ ተክል በእጃቸው ይዘው መጡ።

"አንተ የዚህ ሥራ አዋቂ ነህ" አሉኝ፤ "ይሄ ምን ሆኖ ነው?"

ሥሩን አየሁት። ጥጡም አለ፣ ጥቁሩም አለ።

"ውሃው ነው አዴ" አልኳቸው፤ "ወንዙ ነው የገደለብዎ።"

ውሸቱ ቀላል ነበር። ያኔ አቃቂ ውስጥ ክፉ ነገር ሁሉ በወንዙ ይሳበብ ነበር፤ ወንዙም ንጹሕ አልነበረም። አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ ሆኖ ይወርዳል። አዴ ሎሚ አመኑኝ። መርቀውኝ ሄዱ።

ከዚያ ቀበሌ ተመላለሱ። አቤቱታ አስጻፉ። አንድ ሰው መጥቶ ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ሲያልፉ ሲያገድሙ ያገኙኝና የደረሱበትን ይነግሩኛል። እኔም አይዞዎት እላለሁ። አፍሬ ነበር፤ ግን ማፈሬ አፌን አላስከፈተውም።

ካምፑ መንገዱን ጨርሶ ተነሣ። ሚስተር ዋንግም ሄደ። የአገዳውን መደብ ጥቅል ጎመን ተከልንበት፤ ነጭ ሽንኩርት አልበቅልበት ብሎ ነበር። ካቦ እንደሆንኩ ጡረታዬ ደረሰ።

የመጨረሻው ሳምንት ላይ አዴ ሎሚ ቤት ሄድኩ። ደጃፍ ተቀምጠው ቆስጣ ያስራሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሥሩን፣ ዘንቢሉን፣ ቦዩን። እጃቸው ሥራውን አላቆመም። ሲጨርሱ ወደ ጓሯቸው አመለከቱኝ። እዚያም ቆስጣ ነው።

"ውሃው ነው ስትለኝ" አሉ፣ "ዘሬን ከታች ነቅዬ ወደ ጓሮ አወጣሁት። የጉድጓድ ውሃ ንጹሕ ነው ብዬ።"

በሽታውን ወደ ንጹሑ መሬት በገዛ እጃቸው ተሸክመው እንዳወጡት ያኔ ገባኝ።

"ቦይ ውስጥ መጣልህን እሺ፣ ፈርተህ ነው" አሉኝ። "ይዤልህ ስመጣ ብትነግረኝ ኖሮ ግን የእናቴ ዘር ይተርፍ ነበር።"

ዛሬ አዴ ሎሚ ነጭ ሽንኩርት ከሱቅ ይገዛሉ።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የማውቀው ይህ ነው። የታመመ ነጭ ሽንኩርት ጉድጓድ ውስጥ ይቃጠላል፤ ቦይ ውስጥ አይጣልም። የጣለ ሰው ደግሞ ከታች ላለው ጎረቤት በዚያው ቀን ሄዶ ይነግራል።