የአናጺው ቁርጭምጭሚት

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ከሆሳዕና ወጣ ብላ ባለችው ሞርሲቶ ጸሎት ቤቱ በመንግሥት በታሸገ በዓመቱ ነው። አናጺው ተገኘ ከጎረቤቶቹ ጋር በአንዲት መበለት ቤት ተሰብስቦ ሲጸልይ በሩ ተንኳኳ። አብዮት ጥበቃዎች ነበሩ። ሰው ሁሉ በጓሮ በር ወጣ። ተገኘ አንዲት ነፍሰ ጡር ደግፎ ሲያሳልፍ ዘገየና የጓሮውን የድንጋይ ካብ ብቻውን ዘለለ። ቀኝ እግሩ ዝናብ ባራሰው ድንጋይ ላይ ተጠማዞ አረፈ፤ የስብራቱን ድምፅ በጆሮው ሰማው።

በእንሰት መሃል እየዳኸ ቤቱ ደረሰ። ሚስቱ ጵርስቅላ ጫማውን ስታወልቅለት እግሩ ወደ ውጭ ዞሯል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቆዳው ተወጥሮ ነጥቷል፤ ጣቶቹ ቀዝቅዘው አመድ መስለዋል። ብትቆነጥጠውም አልተሰማውም።

በአካባቢው ለስብራት የሚጠራው ወጌሻው ጠና ነበር። ጠና ደግሞ አብዮት ጥበቃ ነው፤ በሩን ካንኳኩት አንዱም እሱ ነበር። ተገኘ እንዳትጠራው ለመናት፤ ከምታሰር አንካሳ ሆኜ ልቅር አላት። ጵርስቅላ ጣቶቹን ደግማ ዳሰሰችና ጠናን ልትጠራ ወጣች።

ጠና ጠመንጃውን እንዳነገተ መጣ። በተገኘ ሱሪ ላይ ያለውን ጭቃ አየ፤ ግን እንዴት እንደተሰበረ አልጠየቀም። ተንበርክኮ እግሩን በጣቱ እየተጫነ መረመረ።

"ጋሽ ጠና፣ እግሩ ይተርፋል?" አለች ጵርስቅላ።

"አጥንቱ ከቦታው ወጥቶ ደም ሥሩን ተጭኗል። እንዲህ ከቆየ እግሩ ይሞታል። ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ፤ ስብራቱ ግን በእኔ እጅ የሚድን አይደለም። ሆሳዕና ሄዶ ጄሶ ይደረግለት።"

እሷ ጉልበቱን አጥፋ ያዘች። ጠና ተረከዙን ይዞ ቀስ ብሎ ሳበ፤ ከዚያ አዞረው። ተገኘ ጋቢውን ነከሰ። አጥንቱ ቀጭ ብሎ ገባ። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ጣቶቹን ተመለከቱ። መጀመሪያ ምንም አልታየም። ቆይቶ አውራ ጣቱ ቀላ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ጠና እግሩን በቀርከሃ አሰረው፤ ማበጡ ስለማይቀር አላጠበቀውም።

ወደ ሆሳዕና በሚሄድ የጭነት መኪና አሳፈሩትና ጠናም አብሯቸው ወጣ። መንገድ ላይ ባለው ኬላ ጠባቂው ሕመምተኛው ምን እንደሆነ ጠየቀ። ጵርስቅላ ደነገጠች፤ ባሏ እንደማይዋሽ ታውቃለች።

"ካብ ስዘል ወደቅሁ" አለ ተገኘ።

"ምን አዘለለህ?"

ተገኘ ከመመለሱ በፊት ጠና ከመኪናው ወረደ።

"መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ሌላ ጥያቄ ካለህ እኔን ጠይቀኝ።"

ጠባቂው ጠናን አየውና መንገዱን የዘጋበትን ገመድ ለቀቀ።

ሆስፒታል ራጅ ሲነሣ የቁርጭምጭሚቱ አጥንት በውስጥም በውጭም በኩል መሰበሩ ታየ። በጄሶ ታሰረ፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ እንዳይረግጥበት ተነገረው። ክራንቹን ራሱ ሠራ፤ ሥራ ፈትቶ መቀመጡ ግን ከሕመሙ በላይ አስመረረው።

ቀበሌው ጠናን ጠርቶ በኬላው ስላደረገው ጠየቀው። ምን ብሎ እንደመለሰ አልተሰማም፤ ከጥበቃ ግን ተባረረ።

ተገኘ ይህን የሰማው ጄሶው በተፈታ ሰሞን ነው። እግሩ እንደ እንጨት ደርቆ፣ እያነከሰ ጠና ቤት ሄደ። ስለ እኔ ተጎዳህ ብሎ ሊጀምር ሲል ጠና አቋረጠው። የሚቀመጥበት ዱካ አቀረበለትና ጫማውን እንዲያወልቅ ነገረው።

"ጣቶችህን ወደ ራስህ ሳባቸው" አለው። "ያምሃል፤ ግን አትተው። አሁን ደግሞ ወደ ታች።"