ሽቦው ላይ የቀረው ጸጉር

የጎልማሶች ትምህርት ክፍላችን መምህርት «የምታውቁትን ሰው ሕይወት ጻፉ» ስትለን፣ ሌሎቹ ስለ አባታቸው ወይም ስለ ሰፈራቸው ሽማግሌ ለመጻፍ መረጡ። እኔ ደህና አድርጌ የማውቀው ሰው አንድ ነው፤ እሱም እትዬ፣ ታላቅ እህቴ ናት። መልካም መልካሙን ጽፌ ልገላገል ብዬ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፣ ሦስቴም ቀደድኩት። ያንን ነገር ካልጻፍኩ ሌላው ሁሉ የሐሰት ምስክርነት እየሆነብኝ ተቸገርኩ። ጽሑፌ ቢጣመም ይቅርታ፤ እጄ አንሶላ ነው የለመደው።

እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። እናትና አባታችን በአንድ ዓመት ተከታትለው ሲያልፉ እሷ አሥራ ስድስት፣ እኔ አራት ዓመቴ ነበር። ዘመዶች መጥተው «ልጁን እኛ እንውሰደው፣ አንቺ ምን አቅም አለሽ» ሲሏት በር ላይ ቆመች አሉ። «የምትወስዱት ከፈለጋችሁ ያንን ቁም ሳጥን ውሰዱ፤ ልጁ ከኔ ጋር ነው።» ቁም ሳጥኑን እውነትም ወሰዱት። ይኸው እስከ ዛሬ ልብሳችን ምስማር ላይ ነው የሚሰቀለው።

የሰው ሱሪ እያሳጠረች፣ ዚፕ እየቀየረች አሳደገችኝ። ለትዳር የጠየቋት ሁለት ሰዎች ነበሩ። «ልጁስ?» ስትላቸው አንደኛው ዝም አለ፣ ሁለተኛው ሳቀ፤ ሁለቱንም ሸኘቻቸው። ይህንን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ ከደንበኞቿ ነው የሰማሁት።

አንገቷ ላይ ሜትር፣ ጆሮዋ ላይ ጠመኔ፣ ከንፈሯ መሃል ስፒል አይጠፋም። ያን ሁሉ ስፒል ነክሳ እንዴት እንደምትቀልድ እሷ ናት የምታውቀው። ኋላ ላይ ዓይኗን ሞራ ጋረደው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብቼ የመርፌ ትራሷ ላይ እሰካላት ነበር። እሷ ለኔ ካደረገችው ሁሉ የመለስኩላት ነገር ቢኖር ያቺ ናት።

እኔ የምሠራው ሆቴል ነው፣ ልብስ እጥበት ክፍል። ሰፈሩ «ጭጭ» ይለኛል፤ ስለማልናገር ነው። አንሶላም አይናገርም፣ ስለዚህ ተስማምተን እንኖራለን። በሽታዬ ግን ዝምታው አይደለም። ያልገባኝን «ገባኝ» ማለት ነው። ሰው ሲያስረዳኝ ፊቴን ካየኝ ላብ ያጠምቀኛል፤ ቶሎ እንዲተወኝ «ገባኝ፣ ገባኝ» እላለሁ።

ጓሯችን ከአጥሩ ወዲያ ሣር የበዛበት ባዶ ሜዳ ያዋስነዋል። የጓሮው ባለቤቶች ሻለቃ የሚባል ጥቁር ውሻና እመቤት የምትባል ድመት ናቸው። ሁለቱንም መንገድ ላይ ወድቀው ያነሳቻቸው እትዬ ናት፤ እንደኔው።

አንድ ጠዋት ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ከአጥሩ ወዲህ ባለው ረዥም ሣር ውስጥ ሦስት የዱር ጥንቸል ልጆች አገኘች። ሞራ በጋረደው ዓይኗ! እኔ በደህናው ዓይኔ ስንት ጊዜ አልፌያቸው ሄጃለሁ። እያንዳንዳቸው ጭብጥ ቢሞሉ ነው፤ ጸጉራቸው ሙሉ፣ ዓይናቸው የተገለጠ፣ እርስ በርስ ተጣብቀው ዝም ብለዋል።

«ና እይ፣ ወገኖችህ መጡልህ» አለችኝ። «ከነሱ መሃል አንድም የሚናገር የለም።»

የዚያኑ ቀን ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ከሻለቃ ማሰሪያ እስከ ሣሩ ለካች፤ ሰንሰለቱንም ሦስት ሜትር ወዲህ እንዲቀር አድርጋ አሳጠረችው። «ሱሪም ውሻም ማሳጠር ሙያዬ ነው።» ሰው እንዳይረግጣቸውም ዙሪያውን አራት እንጨት ተክላ በየእንጨቱ ቀይ ክር አሰረች። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ሻለቃን የማስረው እኔ ሆንኩ።

በሳምንቱ ለዓይኗ ቀዶ ጥገና ተጠራች። ስኳር ስላለባት ሦስት ቀን ተኝታ ትታይ ተባለ። ታክሲው ደጅ ቆሞ፣ እኔ ሻንጣዋን ይዤ፣ እሷ ታስረዳኛለች።

«ፀሐይ ሳትገባ ሻለቃን እሰር። እመቤትን አስገብተህ መስኮቱን ዝጋ። ሌላ ምንም አትጨምር። እናትየው ደግሞ...» ስለ እናትየው ብዙ ነገረችኝ። እኔ ግን ዓይኗን ብቻ እያሰብኩ ነበር፤ ቢላዋውን እያሰብኩ።

«ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ምኑ ነው የገባህ?»

«ሁሉም።»

«እንግዲህ ሁሉም የገባው ሰው አንተ ብቻ ነህ» ብላ ሳቀችና ገባች።

እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው። እናታቸውን አንድም ቀን ስላላየኋት ጥላቸው የሄደች መሰለኝ። ጸጉራቸው ስለሞላ፣ ዓይናቸው ስለተገለጠ፣ ሣር እየነጩ የሚያድጉ መሰለኝ። ከጠላት መጠበቅ ብቻ ነው ያለብኝ ብዬ ደመደምኩ።

የመጀመሪያዋን ማታ ያለችኝን ሁሉ አደረግኩ። ሻለቃ ግን እትዬን ሲያጣ እንደታሰረ እስኪነጋ ሲያላዝን አደረ። ጎህ ሲቀድ የጎረቤታችን የአውቶቡስ ሹፌር በአጥሩ በላይ ብቅ አለ።

«ጭጭ! አንተ ጭጭ! ጌታው የማይናገረውን ሁሉ ውሻው እንዲናገር ነው የተስማማችሁት?»

«እሺ ጋሼ።»

«አርባ ሰው ጭኜ ነው የምውለው! መሪ ላይ እንቅልፍ ቢጥለኝ ሻለቃ ይጠየቅልኛል?»

«እሺ ጋሼ።»

«ተወው እንግዲህ፣ ከእሺ ሌላ ምን ታገኛለህ!» አለች ሚስቱ ከውስጥ።

«እህቴ ሀኪም ቤት ናት፣ ሁለት ቀን ታገሠኝ» ማለት ብቻ ነበር። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ኋላ ሲሰማ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት መጥቷል። ግን ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር አልወጣ አለችኝ። በሷ ፈንታ ዘዴ ፈጠርኩ። ከሥራ ቦታ ጎማው ወልቆ የተጣለ የሽቦ የልብስ ቅርጫት ተሸክሜ መጣሁ። ጥንቸሎቹ ላይ ደፋሁት፤ ንፋስም ውሻም እንዳይገለብጠው ላዩ ላይ ድንጋይ ጫንኩበት። እንዳይርባቸው የጎመን ቅጠል ከውስጥ አኖርኩላቸው። ከዚያ ሻለቃን ፈታሁት፤ እሱም በፊት ለፊቱ በር እትዬን እየጠበቀ ተኛ፣ ሰፈሩም ሰላም አደረ። እውነቱን ለመናገር በራሴ ኮርቼ ነበር።

ጠዋት ሳይ በቅርጫቱ ዙሪያ መሬቱ ተቧጥጧል፣ አፈሩ ተዝቋል። ጎመኑ ግን እንዳለ ነው። «አንተ ሌባ!» ብዬ ሻለቃን በነጠላ ጫማ መታሁት። ጆሮውን ጥሎ ከእንጨት ክምሩ ሥር ገባ። ድንጋዩን ሁለት አደረግኩትና ሥራዬ ሄድኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ቧጨራው ብሶ አገኘሁት። ጎንበስ ስል የቅርጫቱ የታችኛው ሽቦ ላይ ጸጉር ተሰክቷል። ሻለቃ ጥቁር ነው፣ እመቤት ነጭ ናት። ጸጉሩ ቡናማ ነበር።

ያን ጊዜ እትዬ ታክሲው በር ላይ ከነገረችኝ አንዱ መጣልኝ። «በቀን አንዴ ነው የምታጠባቸው፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ።» ሁለት ማታ መጥታለች። ሁለት ማታ ወተቷን ይዛ ሽቦውን ስትቧጥጥ አምሽታለች።

ቅርጫቱን አነሳሁት። ሁለቱ ደርቀዋል። ሦስተኛው ጎኑ ይርገበገባል፤ ግን አንገቱን አያነሳም። ሁለቱን አጥሩ ሥር ቀበርኳቸው። ሦስተኛውን ባለበት ትቼ እትዬን ላመጣ ሄድኩ፤ ቀኗ ያ ነበርና።

ዓይኗ በፋሻ ታስሮ፣ እጄን ይዛ፣ ገና በሩን ሳታልፍ፣ «ወገኖችህስ?» አለችኝ።

«እናታቸው ወሰደቻቸው» አልኳት።

ሦስተኛው ከኛ አሥር ርምጃ ርቆ ሣሩ ውስጥ ተኝቷል። እየተነፈሰ። እውነቱን ብነግራት እሷ መላ አታጣም ነበር፤ ማንን እንደምትጠራ፣ ምን እንደምታደርግ ታውቃለች። እኔ ግን የተናገርኩትን ላለማጠፍ ስል ዝም አልኩ። ማታ ሻለቃን አሰርኩ፣ እመቤትን ዘጋሁባት፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ጨለማው እስኪያሳውረኝ ድረስ አየሁ። ጠዋት ቦታው ባዶ ነበር። ደም የለም፣ ጸጉር የለም። እናቱ ወስዳው ከሆነ ከውሸቴ ሲሶው እውነት ነው። ካልሆነ አላውቅም። ይህን የማውቅበት መንገድም የለኝም።

ከዚያ የባሰው መጣ። እትዬ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ታመሰግነኝ ጀመር። «ጭጭን ታዩታላችሁ? ሦስቱንም ጠብቆ ለእናታቸው አስረከበልኝ።» ሴቶቹ፣ «ዝምተኛ ሰው እኮ ልቡ ርኅሩኅ ነው» ይላሉ። እኔ የምገባበት ጉድጓድ አጣለሁ።

ፋሻው ከተፈታ ወር ሊሞላ ነው። አሁን መርፌዋን ራሷ ታያለች፤ ጠዋት የምሠራላት ነገር የለኝም። ከትናንት በስቲያ፣ ማታ ማታ የምጽፈውን ወረቀት አይታ፣ «ስለኔ ነው አሉ? አንብብልኝ እስቲ» አለችኝ። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«እትዬ፣ ያን ቀን ገባኝ ያልኩሽ አልገባኝም ነበር።»

«የቱን ቀን?»

ይህን ስትል ልትስቅ ነበር። እኔ ግን ነገርኳት፣ ከሹፌሩ ጀምሬ እስከ ሦስተኛው። የስፌት መኪናው ቆመ። ስፒሎቹን ከከንፈሯ አንድ በአንድ እያወጣች ትራሷ ላይ ሰካች።

«እኔ ስገባ በሕይወት ነበር?»

«አንዱ። አዎ።»

«እዚሁ ጓሮ?»

«አዎ።»

ዝምታ የኔ ሙያ መስሎኝ ነበር፤ ከሰው ሲመጣ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

«ሻለቃን በምን መታኸው?»

«በነጠላ ጫማ።»

«ስንቴ?»

«ሁለቴ። ሦስቴ።»

«ሂድ እሱን ይቅርታ ጠይቀው። እነሱን እንደሆነ አታገኛቸውም።»

ሄድኩ። ሻለቃ ጭራውን እየቆላ መጥቶ እጄን ላሰኝ፤ ያንኑ የመታሁበትን እጅ። ቢነክሰኝ በወደድኩ።

ጥንቸሏ ሌላ ጊዜ ትመለስ ይሆናል ብላ እትዬ እስከ ዛሬ ሻለቃን ማታ ማታ ታሳስረኛለች። ያን ዕለት ግን ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሰንሰለቱን ከምስማሩ ላይ ራሷ አነሳችው። «ስጪኝ፣ እኔ ልሰረው» አልኳት። «ተወው» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው። ከኋላዋ ወጣሁ።

«እትዬ» አልኳት፣ «እናትየው ግን ለምንድን ነው በቀን አንዴ ብቻ የምትመጣው?»

«ነግሬህ ነበር።»

«አልገባኝም ነበር።»

ዞራ በአዲሱ ዓይኗ አየችኝ። «ጠላት ሽታዋን ተከትሎ ልጆቿ ላይ እንዳይደርስ ነው። የምትርቀው ልትጠብቃቸው ነው። ሲመሽ ትመጣለች፤ መምጫዋን ግን ክፍት ማግኘት አለባት።» ሰንሰለቱን አያያዘችው። «አሁንስ ገባህ?»

«ገባኝ» ከማለቴ በፊት የነገረችኝን አንድ በአንድ በልቤ ደገምኩት።