ውሃ ውስጥ የተጠማው ድንች

ጥሬ ድንች ሲላጥ የሚወጣው፣ አፈር አፈር የሚል ሽታ አፍንጫዬ በደረሰ ቁጥር አርባ ምንጭ፣ ሴቻ የነበረው ጠባብ ማድ ቤታችን ትውስ ይለኛል። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ከዶርዜ የሚወርደው ድንች ገበያውን ይሞላው ነበር፤ አሥረኛ ክፍል የነበረችው ታላቅ እህቴ ጥሩነሽም ክፍል የተማረችውን ሁሉ ቤት መጥታ ካልሞከረች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። አንድ ቀን ድንች በጣት ልክ ቆራርጣ፣ ግማሹን ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ፣ ግማሹን ጨው በበዛበት ውሃ ነክራ አሳደረችው። ጠዋት ስናየው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያደረው ጠንክሮ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ጨዋማው ውስጥ ያደረው ግን ተልፈስፍሶ ይተጣጠፋል።

«ውሃ ውስጥ አድሮ እንዴት ውሃ ጠማው?» አልኳት።

«ድንቹ ዓይን በማያያቸው ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ ሽፋናቸው ውሃ ያሳልፋል። ውጭው ጨው ሲበዛበት የውስጡ ውሃ ወደዚያ ይወጣል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ካሮቱንም የጎመን ቅጠሉንም ጨው ውሃ ውስጥ እየነከርኩ፣ እማዬም ከማድ ቤት እያባረረችኝ ከረምን።

በጋው ገብቶ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ገና ዓመት ያልሞላውን ወንድማችንን ምንተስኖትን ተቅማጥ ያዘው። አባባ ራቅ ብላ ካለችው ካምባ ከተማ ነበር የሚሠራው፤ ጥሩነሽም ያን ሰዓት ትምህርት ቤት ነበረች። እማዬ ልጁን አዝላ ከጤና ጣቢያ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ሦስት ፓኬት የጨውና የስኳር ዱቄት ይዛ ስትመለስ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ከማታ ጀምሮ ሳይሸና ቆይቶ፣ ሲያለቅስ እንባ እንኳን አልነበረውም። አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር በጥብጪ ተብላ ሳለ፣ ቶሎ እንዲድንላት ብላ ከሦስቱ ሁለቱን በዚያው አንድ ሊትር ውሃ ላይ ገልብጣ በጠበጠቻቸው።

ማንኪያውን ወደ አፉ ስታስጠጋ፣ «እማዬ፣ ጨው ከበዛ ውሃውን አያስወጣበትም?» አልኳት።

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እጇ ግን ባለበት ቆመ፤ ቀመሰችውና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ውይ ልጄን!» ብላ የበጠበጠችውን ደፋችው፤ የቀረውን አንዱን ፓኬት በልኩ በጥብጣ፣ በማንኪያ ጠብ እያደረገች ስታጠጣው ዋለች። አመሻሽ ላይ ምንተስኖት ጭኗ ላይ ሸናባት፤ ቀሚሷ ርሶ፣ እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

ዛሬ ምንተስኖት ከእኔ ይረዝማል። እኔም ጥያቄ የማያልቅባት ልጅ አለችኝ፤ ሥራ ሲበዛብኝ «ቆይ፣ በኋላ» እላታለሁ። እማዬ ግን ልጇ እጇ ላይ እየደከመባት፣ የእኔን ጥያቄ ቆም ብላ ሰምታ ነበር።