«የተከፈለበት ነው» ሳልል ያነበብኩት ማስታወቂያ

ጭሮ ውስጥ የሬዲዮ አስተዋዋቂ ነበርኩ። ምርጫው ሲቃረብ አንድ ፓርቲ ተቀናቃኙን የሚዘልፍበትን ማስታወቂያ አነበብኩ። ሕጉ የተከፈለበት መሆኑን ለአድማጭ ንገሩ ይላል። አለቃዬ ግን «ጊዜ ይበላል፣ ዝለለው» አለኝ፤ እኔም ደደቡ ዘለልኩት።

በገበያ ቀን በደሳ ከተማ ሄጄ የጫት ዋጋ ስከራከር፣ ፊቴን አይቶ የማያውቀው ሻጭ በድምፄ ለየኝ። «መሪያችንን የሰደበው ይኼ ነው!» ብሎ ጮኸ። ዱላው ከየት እንደመጣ አላየሁም። ሁለት ጥርሴ ረገፈ። አፌ ደም ሞልቶ መሬት ላይ እየተንከባለልኩ «የእኔ ሐሳብ አይደለም፣ ተከፍሎበት ነው!» ስል፣ የከበቡኝ ገበያተኞች ጭራሽ በእርግጫ ጎኔን አሉኝ።

አንድ ሽማግሌ በላዬ ተደፍተው አስጣሉኝ። ደሜን በትከሻቸው ፎጣ እየጠረጉ፣ «ይኼን ያኔ በሬዲዮ ብትለን ኖሮ፣ ልጄ፣ ማን ይነካህ ነበር?» አሉኝ።